ቦታ ያጣው ውርጭ

ቄራው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። «ጉበቴ» ነው የሚሉት። ሃያ ስምንት ዓመት ስጋ ሲመረምር የኖረ ሰው ነው፤ ከአራጆቹ ግማሾቹ ገና ሳይወለዱ እሱ እዚያው በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ቆሞ ጉበት ይተለትል ነበር። ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ቀርቶታል። ብዙ አያወራም። የሚያወራው ለቢላዋው ነው ይሉታል።

የዚያን ቀን ጠዋት አሥራ አራተኛው በግ መንጠቆው ላይ ተሰቅሎ ጉበቱ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥለት፣ እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ ቆረጠው፤ አንዱን በሰፊው ጎን፣ አንዱን በጠባቡ። ከዚያ በአውራ ጣቱ የሐሞት ቧንቧውን ተጫነ። የጉበት ትል ካለ በዚያ በኩል ነው የሚወጣው፤ ጠፍጣፋ፣ የደረቀ ቅጠል የመሰለ፣ ለመውጣት የማይቸኩል። ምንም አልወጣም። ቧንቧው ንጹሕ ነው።

ጉበቱ ግን ንጹሕ አልነበረም። ላዩ ላይ የተቃጠለ ክር የመሰለ ጥቁር ቀይ መስመር ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ሰውየው ዓይኑን አጠበበ። ሲያዩት የሐኪም ጽሑፍ ነው የሚመስለው፤ አይነበብም ግን የሆነ ነገር ይላል።

«ጋሽ ጉበቴ፣ ምነው ዛሬ ፊትዎ? ሐሞቱን ቀምሰው ነው እንዴ?» አለው ሽቦ። ሽቦ የሚሉት አራጅ ከቅጥነቱ የተነሳ ሽርጡ ሁለት ጊዜ የሚዞረው ሰው ነው።

«ሞቅ ያለ ውሃ አምጣልኝ።»

«ለሻይ?»

«አምጣ አልኩህ።»

ሽቦ በነጭ ሳህን ውሃ አመጣለት። መርማሪው ከጉበቱ እንደ ወረቀት የሳሳ ቁራጭ አንስቶ ውሃው ውስጥ ከተተና ጠበቀ። ሽቦም አብሮት አጎነበሰ። መጀመሪያ ደም ብቻ ነበር። ከዚያ ከቁራጩ ጠርዝ የጥፍር ቁራጭ የማይሞሉ፣ ነጫጭ፣ የሚንቀሳቀሱ ነገሮች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። አንድ፣ ሦስት፣ አሥር። ቆጥሮ አርባ ላይ ተወው።

«ወይ ጉድ! ምንድን ናቸው?» አለ ሽቦ አፉን ይዞ።

«ሕፃናት ናቸው። የጉበት ትል ልጆች። ገና ቧንቧው ጋ አልደረሱም፤ ስጋውን እየበሉ በመንገድ ላይ ናቸው። በጉ ከየት ነው የመጣው?»

«ከላይኛው መስክ።»

«አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? በዚህ እጄ ከመኪና አውርጄው! ባለቤቱን ልጥራልዎ?»

መርማሪው ትሎቹን ደግሞ አየ። በዚህ ወቅት ከላይኛው መስክ የሚመጣ ጉበት እንደ መስታወት የጠራ መሆን ነበረበት። ይህን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር አልነበረም። ቀጥሎም ወደ ሐሳቡ የመጣችው እህቱ ናት። የእህቱ ሃያ አራት በጎች ላይኛው መስክ ላይ ከወጡ አንድ ወር ተኩል ሆኗቸዋል። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ቤቷን ያቆሙት እነዚያ በጎች ናቸው፤ ሌላ ምንም የላትም።

እጁን ታጥቦ የዕለቱን ቅጽ ሳበ። ቅጹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በሐሞት ቧንቧ ውስጥ የታየ ትል ብዛት።» በቧንቧ ውስጥ የታየ ትል የለም። ጽፎ ጽፎ የለመደው እጁ ዜሮ አስቀመጠ። ካስቀመጠ በኋላ ዜሮዋን ለረጅም ጊዜ አያት።

ከሰዓት በኋላ ወደ እህቱ ወጣ።

እህቱ በስድስት ዓመት ትበልጠዋለች። ስልሳ ሊሞላ የደረሰውን ሰው ዛሬም «ማሙሽ» ነው የምትለው፤ በሰው ፊትም አትምረውም። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የአንዲት ሴት በግ ሰኮና ስትቆርጥ አገኛት።

«ማሙሽ! ምን እግር ጣለህ? ቄራው ተቃጠለ?»

«እትዬ፣ በጎቹን ከላይኛው መስክ አውርጃቸው። ዛሬውኑ።»

«ተቀመጥ መጀመሪያ። ላብህን ጥረግ።»

«አልቀመጥም። አውርጃቸው።»

ቢላዋዋን አቁማ አየችው። «ወዴት ላውርዳቸው? ታችኛው ሜዳ ላይ ያለው ሣር ጢምህን አያህልም። ጣሪያ ላይ ላውጣቸው?»

«ታመዋል።»

«ማን ነው የታመመው? ይቺን እያት!» ብላ የበጓን ጎን በመዳፏ ጠፈጠፈች። «ቆዳዋ ሊፈነዳ ነው ከውፍረት። ደግሞ አንተ ራስህ ነህ ያልከኝ።» ጣቷን ቀሰረችና እንደ ተማሪ በቃሏ ወረደችው፦ «በጎች ወደ ላይኛው መስክ፣ ሦስተኛው ወር በገባ በዐሥር። የጉበት ትል መድኃኒት፣ አምስተኛው ወር በገባ በዐሥራ አምስት። በዐሥረኛው ቀን ጠዋት አወጣኋቸው። መድኃኒቱ ሃያ ቀን ይቀረዋል። አንዲት ቀን አዛንፌያለሁ?»

አላዛነፈችም። እሱን ያንገበገበውም ይኸው ነው።

እሷ በቃሏ ያለችው ሁለት መስመር እንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ በቆርቆሮ ሰሌዳ ተጽፎ የተሰቀለ ነው። የተጻፈው ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ነው። የጻፈው እሱ ነው። ያኔ ቄራ አልገባም፤ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ሐኪም ረዳት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ላይኛው መስክ ላይ ባለው ምንጭ ዳር በጉልበቱ ተንበርክኮ ቀንድ አውጣ ሲለቅም ኖሯል። ትሉ በበጎች በጠጥ እንቁላሉን ይጥላል፤ ከእንቁላሉ የተፈለፈለው ረግረግ ላይ ያለችው ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ያድጋል፤ ከእሷ ወጥቶ ሣር ላይ ይለጠፋል፤ በግ ሣሩን ይበላል። ቀንድ አውጣዋ ከሌለች ትሉ መንገድ የለውም። እነዚያን ሁለት ዓመታት ለቅሞ ለቅሞ ያገኘው ነገር ቀላል ነበር፦ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ውርጭ ከጣለ፣ የላይኛው መስክ ቀንድ አውጣዎች ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ ሣሩ በራሱ ከትል እየጸዳ ሲሄድ በጎቹ ያለ ስጋት ይበሉታል። ቀድሞ ጉበታቸው የገባውም ትል በሁለት ወር ውስጥ አድጎ ቧንቧው ውስጥ ስለሚሰበሰብ፣ ትልቁን ብቻ የሚገድለው መድኃኒት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ሁሉን ይጠርጋል።

«ነይ ከኔ ጋር» አላት።

«ወዴት?»

«ወደ ምንጩ።»

እያጉረመረመች ተከተለችው። ላይኛው መስክ ላይ ሣሩ ለምለም ነው፤ በጎቹ ራሳቸውን ደፍተው ይግጣሉ፤ የእሷም የጎረቤቶቿም። ምንጩ ወደ ሣሩ በሚፈስበት ቦታ መርማሪው ተንበረከከና በቢላዋው ጫፍ ጭቃውን ገለበጠ። የገብስ ፍሬ የሚያካክሉ ቡናማ ቀንድ አውጣዎች ተጣብቀውበታል። አንዷን አንስቶ መዳፉ ላይ አኖራት። ቀስ ብላ ወጣችና መራመድ ጀመረች።

«ቀንድ አውጣ ነው። ታዲያ ምን ይሁን?» አለች እህቱ። «ሁልጊዜም አለ።»

«በዚህ ወር ባዶ ቅርፊቷ ነበር የሚገኘው። ነጭ ሆኖ። ስትነኪው የሚፈርስ።»

እህቱ ቀንድ አውጣዋን በሁለት ጣቷ ከመዳፉ ላይ አነሳቻት፤ ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየቻት። «ይቺ ናት በጌን የምትገድለው? ጥርስ እንኳ የላት!»

«እትዬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ውርጭ የጣለው መቼ ነው?»

«ዘንድሮ...» ብላ ቆመች። «አይ፣ ዘንድሮ እንኳ አልጣለም። አምና ግን...» አሰበች። «የበጎቹ የውሃ ገንዳ ሲረጋ በመጥረቢያ የሚሰብረው ባለቤቴ ነበር። ከሱ በኋላ...» ፊቷ ተለዋወጠ። «ከሱ በኋላ እኔ ሰብሬ አላውቅም።»

«ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው።»

«አምስት ዓመቱ ነው።»

«አምስት ዓመት ውርጭ ሳይጥል፣ ቀንድ አውጣዋም ዓመት በዓመት ስትበዛ አላስተዋልሽም?»

«አንተስ አስተውለሃል?» አለችው ተቆጥታ። «የመጣ ብርድ ነው እንጂ ሰው የሚያስተውለው፣ የቀረን ብርድ ማን ያስተውላል? ቀረልኝ ብዬ ተኛሁ እንጂ! ደግሞ ውርጭ ብለህ መቼ ነገርከኝ? ወሩን ነው የነገርከኝ። ሰሌዳው ላይ ያለው ወሩ ነው።»

እውነቷን ነው። መርማሪው ጭቃው ላይ እንደተንበረከከ ቀረ። ሰሌዳው የተሠራው ከአሮጌ በርሜል ከተቆረጠ ቆርቆሮ ነበር፤ ስፋቱ ክንድ ከስንዝር። ብሩሹ ደግሞ አውራ ጣት የሚያህል። ሽማግሌው ሐኪም አጠገቡ ቆሞ «ውርጭ ሦስት ሌሊት ከጣለ በኋላ በል፤ ምክንያቱንም ጻፍ» ብሎት ነበር። እሱ ግን ያኔ ወጣት ነው፤ ቀለሙ ሊያልቅ ነው፤ ፀሐይ አናቱን በልታዋለች። «ዶክተር፣ ቦታ የለውም» አለ። ውርጩ ሁልጊዜ በሦስተኛው ወር መጀመሪያ ይጥል ስለነበር ወሩን ጻፈ። አንድ ነው ብሎ አሰበ። ያን ጊዜ በርግጥም አንድ ነበር።

«አንዷን ልረድልሽና ጉበቷን ልይልሽ» አላት ተነስቶ።

«የትኛዋን?»

«የፈለግሽውን።»

«የፈለግኳትን? ሁሉንም ነው የምፈልጋቸው! በጌ ታሟል አልታመመም ለማለት አርደህ ልታየው? እኔስ አሞኛል ብልህ እንደዚሁ ልታደርግ ነው?»

«እትዬ...»

«ሂድ ማሙሽ። ቄራህ ሂድ። መድኃኒቱ በቀኑ ይሰጣቸዋል። ከዚህ በላይ አታስፈራራኝ።»

ቁልቁለቱን ሁሉ እየተሳደበ ነው የወረደው፤ ማንን እንደሚሳደብ ግን ለራሱም ግልጽ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት እንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤቱ ገና ሲከፈት ደረሰ። በአንድ ኪሱ ቀንድ አውጣ የተሞላ ብልቃጥ አለ። ሰሌዳው ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። ፊደሎቹ አልደበዘዙም፤ በየሁለት ዓመቱ በላያቸው ላይ ይቀባል። ዝገቱ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የበላው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሥራዋን የምታከብር፣ ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሯ የምትነሳ። ብልቃጡን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፤ ቀንድ አውጣዎቹን አየች፤ ያለውን ሁሉ ሳታቋርጠው ሰማች።

«ጋሼ፣ ላይኛው መስክ ላይ ከአሥር ቀን በፊት ሄጄ ነበር» አለች። «ከሠላሳ በግ በጠጥ ወስጃለሁ። በማይክሮስኮፕ አየሁት። አንድም የትል እንቁላል የለም።»

«ሕፃን ትል እንቁላል ይጥላል እንዴ?»

«አይጥልም። አውቃለሁ፤ ተምሬዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«መጋዘን ያለው መድኃኒት ትልቁን ትል ብቻ ነው የሚገድለው። ሕፃኑንም የሚገድል ሌላ መድኃኒት አለ፤ እሱን ከላይ ማስመጣት አለብኝ። የሚልኩልኝ ሰዎች እኔ የተማርኩትን አይጠይቁኝም። ወረቀት ነው የሚጠይቁኝ። የቄራ ሪፖርት።»

«እሱማ አለ! እኔ ነኝ የምጽፈው።»

ሐኪሟ ከመስኮቱ ተመለሰች። ከመደርደሪያው አንድ አቃፊ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። የሦስት ወር ቅጽ ነው፤ በየዕለቱ አንድ።

«ይሄ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ጋሼ?»

«የኔ ነው።»

ገጹን ገለጠች። «ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።» ሌላ ገለጠች። «ዜሮ።» ድምፅዋ ላይ ተንኮል የለም፤ እሱ ግን በጥፊ የተመታ ያህል ተሰማው። «ትናንትም ዜሮ ነው።»

«ቅጹ በቧንቧ ውስጥ የታየ ነው የሚለው! በቧንቧ ውስጥ አልታየም! ስጋው ውስጥ ነው ያሉት፤ ለስጋው ሳጥን የለውም!»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! የምታውቂ ከሆነ ለምን ዝም አልሽ?»

«ለማን ልናገር? ይሄን ወረቀት ይዤ ሄጄ ቄራው ዜሮ ብሏል፣ በጠጡም ዜሮ ብሏል፣ እኔ ግን ታሟል እላለሁ ልበል?» ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ደግሞ ሰሌዳው አለ። ገበሬዎቹ እኔን አይሰሙም፤ ሰሌዳውን ነው የሚሰሙት። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ቀኑን ልቀይረው ብዬ ነበር። አለቃዬ፣ እሱ በጥናት የተሠራ ነው፣ አንቺ ምን ጥናት አለሽ አለኝ። ተውኩት። የሠራው ሰውዬ በርግጥ ጎበዝ ነበር።»

«ጥናቱ እኔ ነኝ» አለ መርማሪው።

ሐኪሟ ልትስቅ ከንፈሯን አላቀቀች፤ ፊቱን አይታ መልሳ ዘጋችው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። በዚህ እጄ። ስህተት ነው።»

«ጋሼ... ማስረጃ አለ? ፊርማ፣ መዝገብ?»

«ሰውየው ሞቷል። መዝገቡን አይጥ በልቶታል። እኔ ግን ቆሜልሻለሁ!»

«ለእኔ በቂ ነው። ለእነሱ ግን አይበቃም። እባክዎ፣ አንድ ጉበት ይዘው ይምጡልኝ፤ ከላይኛው መስክ መሆኑ የታወቀ፣ ባለቤቱ የፈረመበት። በዚያ ላይ ተመርኩዤ ራሴ እጽፋለሁ።»

የትናንቱ ጉበት እንደ ደንቡ ተቃጥሏል። ያቃጠለው እሱ ነው። ሳይሰናበታት ወጣ።

ቀጥሎ በነበሩት አራት ቀናት ከላይኛው መስክ አንድም በግ ወደ ቄራ አልወረደም። ሲፈልጉ ሦስት በአንድ ቀን የሚያመጡት ሰዎች፣ አሁን በጎቹ ገና እየወፈሩ ናቸው፣ ይቆዩልን አሉ። ሽቦ ጠዋት ጠዋት ሲያየው «ጋሽ ጉበቴ፣ ዛሬም ከታች ነው የመጡት፤ አንዱን ከላይ ነው ብለን እንጻፈው?» ይለዋል። መርማሪው ቢላዋውን ይስላል። የተሳለን ቢላዋ ደግሞ ይስላል።

በአምስተኛው ቀን እህቱ ደወለች። «ማሙሽ፣ ና» አለች። ስልኩን ዘጋችው።

ሁለት በጎች በረት ውስጥ ሞተው አገኘ። አንደኛዋ ያቺ ቆዳዋ ሊፈነዳ ነው ያለቻት ናት። ሆዷ ተነፍቷል፤ ዓይኗን ገልጦ ሲያየው ውስጡ እንደ ወረቀት ነጥቷል። እህቱ አላለቀሰችም። ሳህን ይዛ አጠገቡ ቆመች። ሆዷን ሲከፍተው ደም የተቀላቀለ ውሃ ፈሰሰ። ጉበቱ በእጁ ላይ እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረካከሰ።

«ሞቅ ያለ ውሃ ስጪኝ» አላት።

አመጣችለት። ቁራጩን ከተተ። ሁለቱም አጎንብሰው ጠበቁ። ትንንሾቹ ነጫጭ ነገሮች አንድ በአንድ እየወጡ ውሃው ውስጥ መርመስመስ ጀመሩ። መቁጠር አላስፈለገም።

«ይሄ ሁሉ ከዚያች ጥርስ ከሌላት?» አለች እህቱ በቀስታ።

«ከእሷ ነው።»

«ከሳምንት በፊት አርጄ ቢሆን ኖሮ...»

«እሱን ተዪው።»

«አልተወውም! አንተም አትተወው! ለምን እጄን ይዘህ አላሳረድከኝም? ስጮህብህ ለምን ሄድክ? ከትንሽነትህ ጀምሮ እንዲሁ ነህ፤ ትንሽ ሲጮሁብህ ዕቃህን ሰብስበህ መሄድ!»

ቢላዋውን ሣር ላይ ጠረገ።

እህቱ ጉበቱን ከነሳህኑ በፌስታል ጠቅልላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቁልቁለቱን ከፊት ከፊቱ ወረደች። በስልሳ አምስት ዓመቷ እሱ ሊደርስባት አልቻለም። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሳታንኳኳ ገብታ ሳህኑን ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ፣ የዜሮዎቹ አቃፊ ላይ አስቀመጠችው።

«ወረቀት ብለሽ ነበር አሉ፣ ልጄ። ይኸው ወረቀት።»

ሐኪሟ ፌስታሉን ፈታች። አየች። ብዕር አነሳች። እህቱ የት ላይ እንደምትፈርም ጣቷን ቀስራ ጠየቀች፤ ፈረመች፤ ፊርማዋ የገጹን ግማሽ ወሰደ።

መድኃኒቱ የመጣው ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ እህቱ በጎቿን በረት ዘግታ ከመንገድ ዳር ደረቅ ሣር እያጨደች አበላቻቸው። መርማሪውም ከሥራ ሲወጣ ማጭድ ይዞ ያግዛታል፤ ሁለቱ ሽማግሎች መንገድ ዳር አጎንብሰው ሲያጭዱ የሚያልፉ መኪናዎች ጥሩምባ ይነፉባቸዋል። ጎረቤቶቿን ሄዶ በየቤታቸው ለመናቸው። ሦስቱ ሰሙት። ሌሎቹ አንገታቸውን ነቀነቁና በጎቻቸውን ምንጩ ዳር ተዉአቸው። አንዱማ «ጋሼ፣ ቀኑ ገና አልደረሰም እኮ» አለው። ሰሌዳውን ማለቱ ነው።

ከእህቱ ሃያ አራት በጎች ዘጠኙ አለቁ። ከላይኛው መስክ በጠቅላላው የሞተውን ማንም በትክክል አልቆጠረውም። አምስተኛው ወር በገባ በዐሥራ አምስተኛው ቀን ደግሞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ሰዎች ገና በማለዳ በጎቻቸውን እየነዱ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ተሰለፉ። በየዓመቱ ቀኑ ነውና። ሐኪሟ እየዞረች የአሮጌው መድኃኒት ቀን እንደቀረ ብታስረዳም፣ «የመጣነው በቀናችን ነው» ብለው እስከ ቀትር ከሰልፉ አልወጡም።

ከሳምንት በኋላ ለመርማሪው መልእክት መጣለት፦ ሰሌዳው ተቀይሯል፣ መጥተው ይዩልን። ደስ አለው። ለብዙ ጊዜ ያልተሰማው ዓይነት ደስታ ነው። ጫማውን ጠርጎ ሄደ።

አዲስ ቆርቆሮ ነው፣ አንጸባራቂ። አሮጌዎቹ ሚስማሮች ላይ እንዲገባ በአሮጌው ልክ የተቆረጠ። ሰዓሊው ገና መሰላሉን አልወሰደም። መርማሪው ቀና ብሎ አነበበ፦

«በጎች ወደ ላይኛው መስክ፦ አምስተኛው ወር በገባ በ1።»

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

ሐኪሟ ፈገግ ብላ ወጥታ አጠገቡ ቆመች። «በእርስዎ ምክንያት ነው የተፈቀደልን፣ ጋሼ። አለቃዬ ቀኑን በሁለት ወር ገደማ አራዘመው።»

«ወር ነው የጻፋችሁት።»

«አዎ፣ ግን ዘግይቶ...»

«ወር ነው! ደግሞ ወር! ወሩ ነው እኮ የገደላቸው!»

«ታዲያ ምን ይጻፍ? ውርጭ ይጻፍ? ውርጭ እንደሆነ ቀርቷል ብለውኛል።»

«ውሃውን እዩ ይበላ! ቀንድ አውጣዋ ካለች አትውጡ፣ ለምን እንደሆነም...»

«ጋሼ» አለች ሐኪሟ በትሕትና፤ ወደ ቆርቆሮው እያየች። «ይሄ ሁሉ እኮ አይገባም። ቦታ የለውም።»

መርማሪው ወደ መሰላሉ ቀና አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ አንድ ወጣት መሰላል ላይ ቆሞ አየ፤ ፀሐይ አናቱን የበላችው፣ ቶሎ ጨርሶ መውረድ የሚፈልግ። ከሥር የቆመው ሽማግሌ ያን ጊዜ ዝም ማለት አልነበረበትም።

ነጩን የቀለም ቆርቆሮና ቀጭኑን ብሩሽ ከሰዓሊው እጅ ተቀበለ። «ጋሼ፣ ይወድቃሉ!» ሲባል መሰላሉን ወጣ። ወሩን በነጭ ቀለም ደፈነው። ሲደርቅ፣ በጥቁር፣ ፊደሎቹን አሳንሶ ጻፈ፦ «ምንጩ ዳር ጭቃውን ገልብጡ። ቀንድ አውጣው በሕይወት ካለ በግ አይውጣ። በጉን የሚያደልበው ሣር ትል ይዟል።» ሁሉም ገባ። ዳር ላይ የጣት ስፋት ተርፎታል።

«ከሩቅ አይነበብም» አለች ሐኪሟ ከታች።

«ቀረብ ይበሉ።»

«መጥተው መቼ ነው ብለው ይጠይቁኛል እኮ።»

«ይጠይቁሽ።»

ከመሰላሉ ሲወርድ እህቱ ከኋላው ቆማለች። የቀሩትን በጎች ለሁለተኛው መድኃኒት ነድታ መምጣቷ ነው። አሥራ አምስቱ ከኋላዋ ተጠጋግተው ቆመዋል። አንገቷን አቅንታ፣ በጣቷ አየሩ ላይ እያንዳንዱን ፊደል እየተከተለች አነበበች። ጨረሰች። ደግማ ከላይ ጀመረች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ወሩ የታለ?» አለችው።

«የለም።»

«እንዴት የለም? ታዲያ መቼ ላውጣቸው?»

ለመናገር አሰበ። ቀንድ አውጣዋን በጣቷ ይዛ ዓይኗ ድረስ ያስጠጋችው እሷ ናት፤ ጉበቱን በገዛ እጇ የተሸከመችው እሷ ናት። የእጁን ቀለም በጨርቅ ጠረገ፤ አልለቀቀም።

«በጎቹን እዚህ ተያቸውና ነይ።»

«ወዴት?»

«ወደ ምንጩ።»

«አሁን?»

«አሁን። ነገም። ከነገ ወዲያም።»

«ጉልበቴን አታውቀውም እንዴ? በየቀኑ ጭቃ ስንቆፍር ልንሞት ነው፣ ማሙሽ!» አለች። ዱላዋን ግን አንስታ ነበር። እያጉረመረመች ከፊት ከፊቱ ዳገቱን ጀመረች።

ገና ብዙ ሳይርቁ ከኋላቸው የአንድ ሰው ድምፅ ተሰማ። ገበሬ ነው፤ ሰሌዳው ሥር ቆሞ፣ እጁን ግንባሩ ላይ ከልሎ፣ ወደ ላይ ያያል።

«ዶክተር» ይላል፣ «ወሩ ተፍቋል እንዴ?»

መርማሪው ዞር አላለም።